ዋልካ ላይ ዝናብን ማዘግየት፦ ከአሸንዳ እስከ ጎድጓዳ መደብ

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ያለውን አረንጓዴ ቦታ ልብ ብላችሁ እዩት። ብዙው ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን በጠርዝ ድንጋይ ታጥሮ የተሰራ ነው። ሐምሌ ላይ ጎርፉ አስፋልቱን ይዞ ሲጋልብ ሳሩ ጠብታም አይደርሰው፤ ጭራሽ ከመደቡ የታጠበው አፈር ቦይ ውስጥ ገብቶ ይደፍነዋል። ጥር ላይ ደግሞ ያንኑ ሳር በቦቴ ውሃ እናጠጣዋለን። የግቢ አትክልትም ያው ነው፦ ብሎኬት ይደረደራል፣ አፈር ይሞላል፣ ከሊሾው ሃያ ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የጣሪያው ውሃ በአጠገቡ አልፎ በበሩ ስር ወደ መንገድ ይወጣል። የዝናብን ውሃ በተፈጥሮ መንገድ እናስተናግድ ከተባለ ከዛፍና ከአበባ ምርጫ በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ከፍታ ነው። የተሰራ መንገድ ዳር ከሆነ ጠርዝ ድንጋዩን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍቶ፣ መደቡን ከአስፋልቱ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ፣ መግቢያው ላይ ድፍን ድንጋይ ማንጠፍ ግማሹን ስራ ይጨርሳል።

ከዚህ በታች ያለው ለግቢ ነው። ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ከመሬት ዝቅ ያለ መደብ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አቆይቶ፣ በአሸዋማ አፈርና በስር መካከል አሳልፎ፣ ወይ ወደ ምድር ማስረግ ወይ ቀስ አድርጎ ወደ ቦይ መልቀቅ። አሁን በየአገሩ የሚሰራው ዓይነት መደብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ የተጀመረ ነው። ችግሩ የሜሪላንዱን ንድፍ እንዳለ አምጥቶ ቦሌ ወይም አቃቂ ላይ መቅበሩ ነው። እዚያ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ተከፋፍሎ ይዘንባል። እኛ ዘንድ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ቀሪው ጊዜ፣ የበልጉን ካፊያ ሳንቆጥር፣ ደረቅ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ዋልካው አለ።

በጥቅሉ ከከተማው ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ ቀይ አፈር ይበዛል፤ ወደ ደቡብና ምስራቅ፣ ቦሌንና አቃቂ ቃሊቲን ይዞ፣ ጥቁር ዋልካ ይበዛል። ግን በሰፈር ስም አትወስኑ። ብዙ ግቢ ከላይ ሙሌት አለበት፤ ሰሌክት ተደፍቶበት፣ ተደልድሎ፣ ከስሩ ዋልካው ተቀምጧል። መቆፈር ግድ ነው።

ዋልካ ፈተናውን ያጭበረብራል። ግንቦት ላይ፣ ከዝናቡ በፊት፣ መሬቱ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ጉድጓድ ቆፍራችሁ አንድ ጀሪካን ውሃ ብታፈሱበት በደቂቃዎች ውስጥ ጭልጥ ያደርገዋል፤ አሸዋ ነው የሚያስብል። ያ ውሃ ግን በስንጥቁ ሾለከ እንጂ በአፈሩ አልሰረገም። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ከጣለ በኋላ አፈሩ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ያው ጉድጓድ ውሃ ይዞ ለቀናት ይተኛል። በደረቅ ወር ተፈትነው ከስራቸው ውሃ ማውጫ ቱቦ ሳይቀበርላቸው የተሰሩ መደቦች ሐምሌ ላይ ኩሬ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ነው። መደቡ የሚያርፍበት ቦታ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ግድግዳው በአካፋ ከተለሰነ በሹል ነገር ቧጭሩት። ውሃ ሙሉና ሳይጎድል 24 ሰዓት አቆዩት፤ ዋልካ ከሆነ ሁለት ሙሉ ቀን። ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር ውሃ ጨምራችሁ፣ ምልክት ያለበት እንጨት አቁማችሁ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ምን ያህል እንደወረደ ጻፉ። የሚያዘው የመጨረሻው ንባብ ነው። በሰዓት ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ ከወረደ ያለ ቱቦ መስራት ትችላላችሁ። ከ10 እስከ 25 ከሆነ ቱቦ ይግባ፣ ግን ከመደቡ ግርጌ ከሚነጠፈው ጠጠር ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከታች ያለው ውሃ እንዲሰርግ። ከ10 በታች ከሆነ ማስረጉን እርሱት፤ ቱቦው ወለሉ ላይ ይቀመጥ፣ የመደቡ ስራ ማዘግየት ብቻ ይሁን።

ማዘግየት ትንሽ ስራ አይደለም። የደጋ ገበሬ ዋልካን ውሃ ላስጠጣህ ብሎ ታግሎት አያውቅም፤ ከፍ ያለ ሰፊ መደብ ያበጅና ውሃውን በፈሰስ ያወጣዋል። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ይህ በእጅ ሲሰራ ኖሯል። ከተማ ውስጥም ጎርፉን ጎርፍ የሚያደርገው ከሺህ ጣሪያ የወረደው ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ቦይ ላይ መድረሱ ነው። ያው ውሃ ስድስት ሰዓት ፈጅቶ ቢደርስ ቦዩ ይበቃዋል።

አሁን ስሌት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 120 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በአንድ ሰዓት 25 ሚሊ ሜትር ቢጥል 3,000 ሊትር ይሆናል። የሚረጨውንና የሚተነውን አንድ አስረኛ ቀንሱ፤ 2,700 ሊትር በአሸንዳው ይወርዳል። መደቡ ይህን መያዝ አለበት፣ መያዝ ብቻ ሳይሆን በዚያች ሰዓት ውስጥ ወደ ውስጥ መሳብም አለበት። ብዙ ሰው የሚያሰላው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

መያዙን እንይ። ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይተኛል። ከስሩ 60 ሳንቲ ሜትር ድብልቅ አፈር አለ፤ ከዚህ አንድ አምስተኛው ለውሃ ክፍት ነው ብንል 12 ሳንቲ ሜትር። ከስሩ 25 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ ክፍተቱ 40 በመቶ፣ 10 ሳንቲ ሜትር። ድምሩ 37 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም በካሬ ሜትር 370 ሊትር። 2,700 ለ370 ሲካፈል ከ7 ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። መሳቡን ደግሞ እንይ። ድብልቁ በሰዓት 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ያሳልፋል ብንል፣ ላይ ከተኛው 15 ጋር በሰዓቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ በካሬ ሜትር 300 ሊትር ብቻ ይቀበላል። 2,700 ለ300፣ 9 ካሬ ሜትር። የሚበልጠው ነው የሚያዘው። ስለዚህ 4.5 በ2 ሜትር። ግቢው ይህን ያህል ቦታ ከሌለው የጣሪያውን ግማሽ፣ አንዱን የአሸንዳ መውረጃ ብቻ፣ ወደ መደቡ ምሩ፤ አጥብቦ ሁሉንም ከመጫን ይሻላል።

ቦታ ስትመርጡ ከቤቱ መሰረት በቀይ አፈር ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። ዋልካ ላይ 5 ወይም 6 ሜትር ይሁን፤ ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ወለል ያነሳል፣ ሲደርቅ ይለቀዋል፣ ግድግዳም የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ቦታው ካላፈናፈነ በቤቱ በኩል ያለውን የጉድጓድ ግድግዳ በጂኦሜምብሬን ወይም በወፍራም ላስቲክ ሸፍኑ። ከሴፕቲክ ታንክ፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከውሃ ጉድጓድ ራቁ። ከደጋፊ ግንብ በላይ በኩል በጭራሽ አትስሩ። ክረምት ላይ የሚፈርስ የድንጋይ አጥር ብዙውን ጊዜ ከኋላው ውሃ የተኛበት አጥር ነው፣ መደቡ ደግሞ ውሃ ማስተኛ ነው።

ከመቆፈር በፊት የሚለካው ነገር ውሃው የሚወጣበት ቦይ ወለል ነው፤ ስራ የሚበላሸው በብዛት እዚህ ጋ ነው። ጥልቀቱን ደምሩ፦ 5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጠርዝ፣ 15 የሚተኛው ውሃ፣ 60 ድብልቅ፣ 5 ደቃቅ ጠጠር፣ 25 ጠጠር። 110 ሳንቲ ሜትር። ቱቦው ከዚህ ወለል ተነስቶ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር እየወረደ ቦዩ ውስጥ መውጣት አለበት። የመንገዱ ቦይ ግን ብዙ ጊዜ ከግቢው መሬት ሃምሳ ወይም ስድሳ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚጠልቀው። በላስቲክ ውሃ ልክ ሁለቱን ነጥብ አወዳድሩ። ካልወጣ ድብልቁን ወደ 45፣ ጠጠሩን ወደ 15 አውርዱና ስፋቱን ጨምሩ፤ ወይም በግቢው ዝቅተኛ ጫፍ አድርጉት። ቱቦውን ሽቅብ ለማስወጣት መሞከር ዋጋ የለውም፤ ከመውጫው በታች ያለው ሁሉ ውሃ እንደቋጠረ ይቀራል።

ቦዩ ራሱ ሲሞላም ወደ ኋላ ይመልሳል። በየሰፈሩ ፍሳሽ ከጎርፍ ቦይ ጋር የተገናኘበት ቤት ስለማይጠፋ የሚመለሰው የዝናብ ውሃ ብቻ አይደለም። የቱቦው ጫፍ ቢቻል ከቦዩ ወለል 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ካልሆነ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ይገጠምለት።

ቁፋሮው ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይለቅ። እርጥብ ዋልካ በዶማ ሲቆፈር ግድግዳውና ወለሉ እንደተለሰነ ምጣድ ይሆናል። ከ9 ካሬ ሜትሩ 10 ሜትር ኩብ ያህል አፈር ይወጣል፤ ከተፈታ በኋላ ወደ 13 ይደርሳል፣ አንድ ሲኖትራክ የማይሞላ። መደፊያውን ቀድማችሁ አስቡበት፣ በር ላይ የተከመረ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይመጣባችኋል። ላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ዙሪያውን በድንጋይ ይደገፍ፤ እንዲያ ካልሆነ ጠርዙ እየተናደ የሚተኛውን ውሃ ቦታ ይበላዋል። ወለሉን በዲጂኖ አስር ሳንቲ ሜትር ያህል ፈርክሱት፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይርገጠው።

ቱቦው 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ነው፤ አንዱ ዘንግ 6 ሜትር ስለሆነ ለመደቡ ይበቃል። በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በሁለት መስመር፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ብሱት፤ ቀዳዳው ወደ ታች ይዙር። ከመደቡ የሚወጣው ክፍል አይበሳ። ላይኛው ጫፍ በክርን ወደ ላይ ተነስቶ ክዳን ይግጠምለት፣ ሲደፈን በጎማ ውሃ የሚገፋበት እሱ ነው። መውጫው ጫፍ ላይ የሚፈታ ክዳን ግጠሙና ከግርጌው 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አንዲት ብቻ ብሱ። በዚች ቀዳዳ 2,700 ሊትሩ ሁሉ ወጥቶ የሚያልቀው ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ፈጅቶ ነው። ያለሷ ቱቦው ውሃውን እንደመጣ ይለቀዋል፤ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጠጠሩ 02 የሚባለው፣ ከ00 ተለቅ ያለው፣ የታጠበ፣ 2.25 ሜትር ኩብ። ዱቄት ያለበት ጠጠር ከመጣ ራሳችሁ እጠቡት፤ ዱቄቱ ወለል ላይ ወርዶ ሲሚንቶ ይመስላል። በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር 00 የሚባለው ደቃቅ ጠጠር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ጂኦቴክስታይል፣ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ፣ ያነጥፋል። በአግድም የተነጠፈ ጨርቅ ደለል ሰብስቦ ስለሚደፈን አልመክርም፤ የ00ው ንጣፍ ያንኑ ስራ ይሰራል፣ አይደፈንምም።

ድብልቁ 60 በመቶ አሸዋ፣ 20 በመቶ ቀይ አፈር፣ 20 በመቶ የበሰለ ኮምፖስት። ሲደባለቅና ሲረጋ ስለሚቀንስ ለ5.4 ሜትር ኩብ ቦታ 6.2 ያህል አዘጋጁ፤ አሸዋው 3.7፣ አፈሩና ኮምፖስቱ እያንዳንዳቸው 1.25። አሸዋውን ግንበኛ እንደሚያደርገው በጠርሙስ ፈትኑት፦ ውሃ ጨምሩ፣ በጥብጡ፣ እስኪረጋ ጠብቁ። ከላይ የሚቀመጠው ደለል ለኮንክሪት ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አይፈቀድም፤ እዚህም ያንኑ ያዙ። ያልበሰለ ፍግ አታስገቡ፣ በቱቦው ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ ይሸታልም። ከጉድጓዱ የወጣውን ዋልካ «ለምለም ነው» ብሎ መልሶ መቀላቀል ደግሞ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ጥቂቱም ቢሆን አሸዋውን ያጣብቀዋል። ድብልቁን በ20 ሳንቲ ሜትር በ20 ሳንቲ ሜትር እየደረባችሁ ሙሉ፣ በውሃ አረስርሱት፣ አትደልድሉ።

መግቢያው ላይ ከአሸንዳው መውረጃ ስር 60 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ 40 የሚጠልቅ የብሎኬት ሳጥን ስሩ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጣሪያ ላይ የተቀመጠው አቧራና ቅጠል በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የሚወርደው ወደዚህ ነው፤ ከእያንዳንዳቸው በኋላ በአካፋ ይጠረግ። ከሳጥኑ የሚፈስሰው ውሃ ድንጋይ ላይ ይረፍ፣ አለዚያ ድብልቁን ይቦረቡረዋል። ትርፉ የሚወጣበት ደግሞ ከድብልቁ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ፣ አፉ በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ 110 ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ከቀዳዳው ክዳን በኋላ ካለው መስመር ጋር ይገናኝ ወይም ለብቻው ቦይ ይድረስ። ከክዳኑ በፊት ከተገናኘ ትርፉም በ12 ሚሊ ሜትሯ ልውጣ ይላል፣ ግቢው ይጥለቀለቃል።

ተክሉ የሚመረጠው ሁለቱንም የሚችል ሆኖ ነው፤ ሐምሌን በእርጥበት፣ የካቲትን በጥም። መሃሉ ላይ ቄጠማ፣ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ። በጋ ላይ ከላይ ቢደርቅም ከስሩ ያቆጠቁጣል፤ ያለ በረኪና የወጣ የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ አልፎ አልፎ ካገኘ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፣ ለበዓልም ጎዝጉዙት። ጎንና ጎኑ ላይ ቬቲቨር በየ15 ሳንቲ ሜትሩ፤ ስሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚሄድ ጠርዙን ይይዛል፣ ለውሃም መንገድ ይከፍታል። ካና መሃሉንም ጎኑንም ይችላል። ውሃ የማይተኛበት ጠርዝ ላይ ጠጅ ሳርና የጥብስ ቅጠል። ባሕር ዛፍ አይታሰብ፤ ሾላና የሾላ ዘመዶችም ስራቸው ቱቦ ፈልጎ ይገባል። ሰርዶ ሳይተከል ይመጣል፣ በየጊዜው ካልተነቀለ ሌላውን ይውጠዋል። አፈሩን ለመሸፈን ገለባና ደረቅ ሳር አትጠቀሙ፣ ይንሳፈፍና ወንፊቱን ይደፍናል፤ ስስ የ00 ጠጠር ይበቃል። ተከላው ግንቦት ላይ ይሁንና እስከ ሰኔ እየተጠጣ ስር ይያዝ። በመጀመሪያው ክረምት፣ ቢያንስ እስከ ሐምሌ አጋማሽ፣ ከጣሪያው ውሃ ግማሹን ብቻ አስገቡ።

ኮብልስቶን ላይ አንድ ነገር ልበል። ድንጋዩ ራሱ ውሃ አያሳልፍም፣ የሚያሳልፈው መጋጠሚያው ነው። መጋጠሚያው በደቃቅ አሸዋ ተሞልቶ፣ ከስሩ ሰሌክት ተደልድሎ ከሆነ ከአስፋልት ብዙ አይሻልም። ውሃ እንዲገባ ከተፈለገ መጋጠሚያውም መኝታውም 00፣ ከስሩ 20 ሳንቲ ሜትር ዱቄት የሌለው 02 ይሁን፤ ዋልካ ላይ ደግሞ እሱም ቱቦ ይፈልጋል።

ሮቶ ያላችሁ ደግሞ ይህን አስቡበት፦ ሐምሌ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ የሆነ ሮቶ ለጎርፍ ምንም አይረዳም። ወገቡ ላይ ትንሽ ቧንቧ ግጠሙና ክረምቱን በትንሹ ከፍታችሁ ወደ መደቡ ተዉት። የታችኛው ግማሽ ለቤት፣ የላይኛው ለሚቀጥለው ዝናብ።

ይህ ሁሉ የሰፈርን የዕለት ዝናብ የሚችል እንጂ ማንኛውንም ጎርፍ የሚያቆም አይደለም። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በብሔራዊ ደረጃ የስፖንጅ ከተማ ፕሮግራም፣ ከተማው ዝናቡን እንደ ስፖንጅ እንዲመጥ የማድረግ ስራ፣ ትሰራለች፤ ዠንግዡ የተባለችው ከተማዋም በዚሁ መንገድ ብዙ ሰርታ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2021 ላይ እዚያው ከተማ በአንድ ሰዓት 201.9 ሚሊ ሜትር ጣለ፤ ለ25 የተሰራ ለ200 አይሆንም። ድሬዳዋን እ.ኤ.አ. በ2006 የመታው የደቻቱ ጎርፍም ከላይ ከተራራው የመጣ ነው፤ በከተማው ግቢ ሁሉ መደብ ቢኖርም አይመልሰውም። እንዲህ ላለው የሚሰራው ከላይ ተዳፋቱ ላይ፣ ከታች ደግሞ ከወንዝ ዳር በመራቅ ነው።

መደቡ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲያቆም ሰዓት ያዙ። ላይ የተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓት መጥፋት አለበት፤ 24 ሰዓት ካለፈው ችግር አለ፣ ከሁለት ቀን በላይ ከተኛና እንዲያ እየቀጠለ ከሄደ ደግሞ ትንኝ ይፈለፈልበታል። መጀመሪያ የላይኛውን ክዳን ከፍታችሁ ቱቦውን እዩ። ቱቦው ሙሉ ከሆነ ችግሩ መውጫው ላይ ነው፣ የ12 ሚሊ ሜትሯ ቀዳዳ ተደፍናለች ወይም ቦዩ ሞልቷል። ቱቦው ባዶ ሆኖ ላዩ ከተኛ የተደፈነው የድብልቁ ቆዳ ነው። ጎረቤት ቤት እየሰራ ከሆነ የአሸዋና የሲሚንቶ እጣቢው በአጥር ስር መግባቱን ፈትሹ፤ መደብ በፍጥነት የሚገድለው እሱ ነው፣ ግንባታው እስኪያልቅ በዚያ በኩል የአፈር እርከን ይደረግለት። የተደፈነውን 5 ሳንቲ ሜትር ፍቃችሁ አውጡና በታጠበ አሸዋና ኮምፖስት ተኩት። ሁለቱም ደህና ሆነው፣ ቱቦው ትንሽ ትንሽ እያንጠባጠበ መደቡ ግን ካልደረቀ፣ ድብልቁ ውስጥ ዋልካ ገብቷል ማለት ነው። ለዚህ ጥገና የለውም። መስከረም አልፎ መሬቱ ሲጠና ድብልቁ ይወጣል፣ አዲስ ይገባል።